የታማልፓይስ ተራራ የብስክሌት መንገዶች

አንድ መንገድ ተቀይሶና ተሠርቶ አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቀያሹ ከቶ ያላሰበው ተጠቃሚ ሲመጣበት ምን ይከተላል? ይህ ጥያቄ በመሐንዲሶች ዘንድ አዲስ አይደለም። ለበቅሎ የተጠረገው መንገድ ለመኪና ውሏል፤ ለቀላል መኪና የተሠራውም ድልድይ ከባድ ተሳቢ ተጭኖበታል። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኘው የታማልፓይስ ተራራ ታሪክ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ትምህርት ሰጪ ነው። ምክንያቱም በዚያ ተራራ ላይ አዲሱ ተጠቃሚ መንገዱን ብቻ ሳይሆን አዲስ ዓይነት ተሽከርካሪ፣ አዲስ ኢንዱስትሪና አዲስ የሕግ ክርክር ይዞ መጥቷልና ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታማልፓይስ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ፣ በማሪን አውራጃ የሚገኝ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 784 ሜትር ያህል ነው። በሸለቆዎቹ ውስጥ ሬድዉድ የተባለው እጅግ ረጅም ዛፍ ይበቅላል፤ ጀርባው ደግሞ በቁጥቋጦና በሣር የተሸፈነ ነው። በ1896 ወደ ጫፉ የሚወስድ የባቡር ሐዲድ ተሠራ። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 281 ኩርባዎች ነበሩት። ቀያሾቹ ይህን ያህል ያጠማዘዙት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የእንፋሎቱ ባቡር ሊወጣው የሚችለውን ዳገት ለማግኘት ሲሉ ርቀቱን በማስረዘም ዳገቱን በአማካይ ወደ 5 በመቶ አወረዱት። ወደ ታችም መንገደኞችን ጭነው፣ ያለ ሞተር በፍሬን ብቻ የሚወርዱ ጋሪዎች ነበሩ። የመኪና መንገድ በመስፋፋቱና በ1929 በደረሰው የደን ቃጠሎ ምክንያት አገልግሎቱ በ1930 ቆመ፤ ሐዲዱም ተነሣ። አልጋው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህ ሌላ በ1912 የተቋቋመው የማሪን የውሃ ድርጅት የግድቦቹን ተፋሰስ ለመጠበቅ ሰፊ የተራራ መሬት ያዘ። የእሳት አደጋ መኪናዎች በፍጥነት እንዲደርሱም የአፈር መንገዶች በየጀርባው ላይ ተጠረጉ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜም መንግሥት ለሥራ አጥ ወጣቶች ባቋቋመው የሥራ ዘመቻ በተራራው ላይ የእግረኛ መንገዶችና ልዩ ልዩ ግንባታዎች ተካሂደዋል። እንግዲህ ብስክሌተኛው ከመምጣቱ በፊት ተራራው በሦስት ዓይነት መንገድ ተከፋፍሎ ነበር ማለት ነው፤ ለባቡር በተቀየሰ ለስላሳ ዳገት፣ ለእሳት መከላከያ በተጠረገ ቀጥተኛና ቁልቁል መንገድ፣ እንዲሁም ለእግረኛና ለፈረስ በተሠራ ጠባብ ዱካ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢው ወጣቶች ከአሮጌ ዕቃ መደብሮች ያገኟቸውን፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ከባድ ብስክሌቶች ይዘው ወደ ተራራው መውጣት ጀመሩ። የሽዊን ኩባንያ በ1933 ለልጆች ብስክሌት ያስተዋወቀው ወፍራም ጎማ በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ከቀጭኑ የእሽቅድምድም ጎማ ይልቅ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን እነዚህ ብስክሌቶች ማርሽ አልነበራቸውም፤ ፍሬናቸውም ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ፣ በኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ የተደበቀ ዓይነት ነበር።

በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ባለው አንድ የእሳት መከላከያ መንገድ ላይ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1976 በፈረንጅ ኦክቶበር ወር፣ ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቹ የመጀመሪያውን በሰዓት የተለካ የቁልቁለት ውድድር አካሄዱ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስሙም ሪፓክ ተባለ፤ ትርጉሙ «ዳግመኛ መሙላት» ማለት ነው። ከአንድ ውድድር በኋላ በሞዞው ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ተቃጥሎ ስለሚጨስ፣ ሞዞው ተፈትቶ በአዲስ ግራሶ መሞላት ነበረበትና።

ይህ ነገር ለመሐንዲስ በቀላል ስሌት የሚገለጥ ነው። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ከ400 ሜትር ከፍታ ሲወርዱ ወደ 350 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃሉ። ይህም አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው በአየርና በመሬት ሰበቃ ቢጠፋም፣ የቀረው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ትንሽ ብረት ውስጥ ይከማቻል። በሪፓክ የተመዘገበው ፈጣኑ ሰዓት የጋሪ ፊሸር 4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ መሆኑን ስናስብ ግራሶው ለምን እንደሚቃጠል ግልጽ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ራሱ የመሣሪያው መሞከሪያ ላቦራቶሪ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊሸርና ሌሎችም የከበሮ ፍሬን፣ ማርሽና በማኑብሪዮ ላይ የሚታሰር የማርሽ መቀየሪያ በአሮጌው ቴላዮ ላይ ገጠሙ። አሮጌው ቴላዮ ግን ድካሙን አልቻለም፤ ይጎብጥ፣ ይሰበርም ነበር። በ1977 ጆ ብሪዝ ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት የብረት ቱቦ አዲስ ቴላዮ ለዚሁ ሥራ ብሎ ሠራ። በ1979 ፊሸርና ኬሊ ቶም ሪቺ በሚበይዳቸው ቴላዮዎች ንግድ ጀመሩ። በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተሰኘውን ብስክሌት በጃፓን አስመርቶ በብዛት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የተራራ ብስክሌት ከጥቂት ወዳጆች ጨዋታነት ወጥቶ የዓለም ንግድ ሆነ፤ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክም የውድድር ዓይነት ለመሆን በቃ።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው ዕድገት መንገዱን ጥሎት ሄደ። በ1980ዎቹ የብስክሌተኛው ቁጥር ሲበዛ፣ በተራራው ላይ ለረጅም ዘመን በጸጥታ ሲጓዙ የኖሩት እግረኞችና ፈረሰኞች አቤቱታ ማሰማት ጀመሩ። አቤቱታቸውም ሁለት ነበር፤ አንደኛው የደኅንነት፣ ሁለተኛው የአፈር መሸርሸር። ባለሥልጣኖቹ ብስክሌትን ከጠባቦቹ ዱካዎች አግደው በእሳት መከላከያ መንገዶች ላይ ብቻ ፈቀዱ፤ የፍጥነት ወሰኑንም በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ ማዶው በማይታይ ኩርባ ላይና ሰው በሚታለፍበት ጊዜ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ያህል አደረጉት። የደን ጠባቂዎችም በራዳር ፍጥነት መለካት ጀመሩ። በ1984 የአሜሪካ የደን አገልግሎት በሕግ በተከለሉ የዱር ይዞታዎች ውስጥ ብስክሌትን ፈጽሞ ከለከለ። ብስክሌተኛው በበኩሉ የሕዝብ መሬት የእኔም ነው ሲል ተሟገተ። በዚህም ምክንያት ነው በ1988 የካሊፎርኒያ ክለቦች ተባብረው ዓለም አቀፉን የተራራ ብስክሌት ማኅበር የመሠረቱት።

ክርክሩ በቁጣ የተሞላ ነበር፤ ሁለቱ አቤቱታዎች ግን ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። ስለ ደኅንነቱ ብናይ፣ በልቅ አፈር ላይ የፍሬን መጎተቻ በሰከንድ ካሬ 3 ሜትር፣ የሰው የማስተዋያ ጊዜ 1.5 ሰከንድ ነው ብለን ብንይዝ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ለመቆም 37 ሜትር ያስፈልገዋል። በ24 ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ተኩል፣ በ8 ኪሎ ሜትር ደግሞ 4 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በደን ውስጥ ባለ ጠባብ ኩርባ ላይ ዐይን የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ እግረኛው የፈራው በከንቱ አልነበረም፤ የፍጥነት ወሰኑም በጥላቻ ብቻ የተደነገገ አይደለም ማለት ነው።

ስለ አፈሩ መሸርሸር የተገኘው መልስ ግን ከተጠበቀው የተለየ ሆነ። በ1994 ዊልሰንና ሴኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በሞንታና ተራሮች ባደረጉት ሙከራ፣ ከመንገዱ ለመታጠብ የተዘጋጀ ልቅ አፈር ይበልጥ የሚፈጥረው የፈረስ ኮቴና የሰው እግር እንጂ ጎማ አለመሆኑን አሳዩ። በ2001 ደግሞ ተርስተንና ሪደር በካናዳ ኦንታርዮ እስከ 500 ጊዜ ምልልስ ፈትነው፣ በእግረኛና በብስክሌት መካከል በዕፅዋትና በአፈር ላይ ይህ ነው የሚባል የጉዳት ልዩነት አላገኙም። እርግጥ ፍሬኑን አጥብቆ ጎማውን የሚያንሸራትት ሰው ያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዋናው ሸርሻሪ ከተጠቃሚዎቹ ሁሉ ይልቅ በመንገዱ ላይ ቦይ አግኝቶ የሚወርደው ውሃ ነው።

የእሳት መከላከያው መንገድ ጉድለት የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ለመኪና ፍጥነት ሲባል የተራራውን ቁልቁለት ተከትሎ በቀጥታ ስለተጠረገ፣ ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ራሱ ጅረት ይሆናል። ከዚህ የተማሩት የዱካ ሠሪዎች ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራባቸውን ደንቦች አወጡ። ዓለም አቀፉ ማኅበር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተዘረዘረው፣ የዱካው ዳገት ከሚያልፍበት የተራራ ጎን ተዳፋት እኩሌታ መብለጥ የለበትም፤ አማካዩም ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። ዱካው ከተራራው ጎን ተቆርጦ ይወጣል፤ ወለሉ ወደ ውጭው ጠርዝ 5 በመቶ ያህል ያዘነብላል። በየተወሰነ ርቀትም ቁልቁለቱ ለጥቂት እርምጃ ወደ ዳገት ይመለሳል። ውሃው በዚያ ቦታ ጉልበት ሳይሰበስብ በስሱ ከመንገዱ ይወጣል።

ይኸው የዳገት መመለስ የብስክሌተኛውንም ፍጥነት ይቀንሳል። ተደጋጋሚ ኩርባና መለስተኛ ዳገት ያለበት ዱካ ተጓዡ ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱን እንዲያበርድ ያደርገዋል። ስለዚህ አፈሩን የሚጠብቀው ቅየሳ እግረኛውንም ይጠብቃል። የራዳር መሣሪያ የያዘ ጠባቂ በየኩርባው ሊቆም አይችልም፤ የመሬቱ ቅርጽ ግን ሌትና ቀን በዚያው አለ።

በሌላ በኩል በቅየሳ የማይፈታ ነገር መኖሩም መታወቅ አለበት። ጸጥታ ፈልጎ ወደ ደን የገባ ሽማግሌ ከኋላው የሚመጣ ጎማ ድምፅ ሰምቶ ቢደነግጥ፣ ስለ ማቆሚያ ርቀት የተሠራ ስሌት አያጽናናውም። ጠባብ ዱካ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የሕዝብ ውሳኔን የሚሻ ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ ውሳኔው በግምትና በቁጣ ፈንታ በተለካ ነገር ላይ እንዲመሠረት ማድረግ ነው።

በታማልፓይስ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በ1896 የተቀየሰው የባቡር አልጋ ሐዲዱ ከተነሣ ከዘጠና ዓመት በላይ ቢያልፈውም ዛሬም እግረኛ፣ ፈረሰኛና ብስክሌተኛ በአንድነት ይጓዙበታል። የጥንቶቹ ቀያሾች ስለ ብስክሌተኛ አላሰቡም። ተራራውን ግን በትዕግሥት ዞረው ዳገቱን አለዝበውት ነበር፤ ለዚህም ነው ሥራቸው ላላሰቡት ተጠቃሚ ጭምር የተረፈው።