የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፦ ለማን ተሠራ? ማንስ ተጠለለበት?

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነገሥታትንና ጦርነትን ነው። የባቡር ሐዲድም እኮ ታሪክ አለው! ዛሬ የምናነሣው በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን በሰውና በጋሪ ተጨናንቃ ነበር። ድሃው ሠራተኛ በእግሩ ሥራው ለመድረስ ሲል መሐል ከተማ በጠባብ ክፍል ታጭቆ ይኖራል። ቻርልስ ፒርሰን የተባለ የከተማው አስተዳደር የሕግ ባለሙያ ታዲያ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ባቡር ከመሬት በታች ቢሄድና ዋጋው ቢረክስ፣ ሠራተኛው ንጹሕ አየር ካለበት ዳርቻ እየተመላለሰ መሥራት ይችላል የሚል ነው። ለዚህም ብዙ ዓመት ተከራከረ። መስመሩ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1862 ሞተ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ መንገዱ በጥልቅ ይቆፈራል፣ ግራና ቀኙ በጡብ ይገነባል፣ ከላይ ይከደንና መንገዱ ይመለሳል። ጥር 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መስመር ለሕዝብ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 38,000 ያህል ሰው ተሳፈረ። ባቡሩ የሚሄደው በእንፋሎት ስለነበር ዋሻው በጭስ ይታፈን ነበር። በጥልቅ ዋሻ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የመጣው በ1890 ነው።

ድሃውስ ተጠቀመ? መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከ1864 ጀምሮ ማለዳ ለሚወጡ ሠራተኞች በርካሽ ዋጋ የሚሄድ ባቡር ተመደበ። በሌላ በኩል ግን ለመስመሩ ሲባል በፋሪንግደን አካባቢ የድሆች ቤት ፈርሶ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ተከራዮች ስለነበሩ ካሳ የሚጠይቁበት መብት አልነበራቸውም።

አሁን ወደ 1940 እንለፍ። በመስከረም ወር የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት መደብደብ ጀመሩ። መንግሥት የባቡር ጣቢያዎቹ መጠለያ እንዲሆኑ አልፈለገም ነበር። ሕዝቡ ምን አደረገ? ርካሽ ትኬት እየቆረጠ ወረደና አልወጣም አለ! መንግሥትም ተሸነፈ። በመስከረም 27 ሌሊት 177,000 ያህል ሰው ከመሬት በታች አደረ። ቀስ በቀስ ተደራራቢ አልጋ፣ መጸዳጃና ሻይ ቤት ገባ። በምሥራቅ ለንደን ሥራው ባላለቀው የቤትናል ግሪን ጣቢያ፣ ሐዲዱ ሊዘረጋበት በነበረው ዋሻ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሰው ቦምብ እየዘነበበት መጽሐፍ ይዋሳል ማለት ነው። እኛ በመጠለያ ጣቢያ የምናስተምርና የምንማር ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን።

የዚህ ጣቢያ ታሪክ ግን አሳዛኝ ገጽም አለው። መግቢያው አንድ ብቻ ነበር። ደረጃው ጨለማ ነው፤ መሐሉ ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት አልነበረውም። የአካባቢው ምክር ቤት መግቢያውን ለማጠናከር ገንዘብ ጠይቆ ከበላይ አካል ተከልክሏል። መጋቢት 3 ቀን 1943 ማታ የአደጋ ጡሩምባ ጮኸ፤ አዲስ የፀረ አውሮፕላን ሮኬት በአቅራቢያው ሲተኮስ ሕዝቡ ቦምብ መስሎት ወደ ደረጃው ተገፋ። ከታች አንድ ሰው ሲወድቅ ሌላው በላዩ ተደራረበ። 173 ሰዎች ታፍነው ሞቱ፤ ከእነሱ 62ቱ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ምሽት በቦታው አንድም ቦምብ አልወደቀም። የምርመራው ውጤት እስከ 1945 ድረስ ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። የሞቱትም መታሰቢያ ተሠርቶ የተጠናቀቀው በ2017 ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? መጠለያ ጣራ ብቻ አይደለም፤ መውጫና መግቢያውም ሕይወት ነው። የሚኖርበት ሰው "ይህ ደረጃ ያሰጋል" ሲል የሚሰማው ያስፈልገዋል። መምህራን ይህን ጽሑፍ በክፍል ስታነቡ ለተማሪዎች ሦስት ጥያቄ ብታቀርቡ እንወዳለን፦ አንድ ትልቅ ሥራ ሲሠራ ማን ተጠቀመ? ማን ከቤቱ ተነሣ? ማንስ ተጠየቀ?