«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ»፦ የገመድ አልባ ማውስ ብልሽትና የስያሜው ታሪክ

በስያሜ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለአንድ አዲስ ዕቃ ስም ማውጣት ከባድ መስሎ ይታያል እንጂ ይበልጥ የሚያስቸግረው ለዕቃው ብልሽት ስም ማውጣት ነው። ዕቃው ስሙን ይዞ ከተሠራበት አገር ይመጣል፤ ቢፈለግ በውሰት ይያዛል፣ ባይፈለግ ይተረጐማል። ብልሽቱ ግን የሚታየው በተጠቃሚው እጅ ላይ ስለ ሆነ ስሙም ከተጠቃሚው አፍ መገኘት ይኖርበታል። ይህን በሚገባ የሚያስረዳልን ከኮምፒውተር መሣሪያዎች ሁሉ ትንሹ፣ ገመድ አልባው ማውስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሚሆን የኮምፒውተር ብልሽት መፈለጊያ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲያስመልስ፣ ትርጉሙን የማረም ኀላፊነት በእኛ ላይ ወድቆ ነበር። እንግሊዝኛው ስለ ማውስ በሚናገርበት ምዕራፍ «ላግ»፣ «ስተተር» እና «ጂተር» በሚሉ ሦስት ቃላት ይጠቀማል። ተርጓሚው ሦስቱንም «መዘግየት» ብሎ መለሳቸው፤ እኛም በጽሑፉ ውስጥ የቃል ወጥነት መኖሩን ወደድንና አጸደቅነው። ጠቋሚው እየቆመ የሚዘልባቸው ሠራተኞች «መዘግየት» ከሚለው ርእስ ሥር የመጀመሪያውን መፍትሔ አነበቡና የጠቋሚውን ፍጥነት ከፍ አደረጉ፤ ጠቋሚውም ይባስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይዘል ጀመር። 11 ማውሶች «የተበላሹ» ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ። በኋላ አንድ ወጣት ቴክኒሻን መቀበያዎቹን ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ነቅሎ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ወደ ጠረጴዛው ፊት ቢያመጣቸው፣ ከ11ዱ 9ኙ ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ጥፋቱ ያጸደቅነው ቃል ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ያ ስሕተት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የመሣሪያውን ታሪክ መከተል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ፣ መንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ዳግላስ ኤንግልባርት ያሰበውን ቢል ኢንግሊሽ ሠራው። የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት የተቀረጸ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ከሥሩ እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ሆነው የተቀመጡ ሁለት መንኰራኵሮች ነበሩት፤ አንደኛው የግራና የቀኙን፣ ሁለተኛው የፊትና የኋላውን እንቅስቃሴ ይለካ ነበር። ስሙ በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው ኢንግሊሽ በሐምሌ 1965 ባወጣው ዘገባ ውስጥ ነው። ማን እንደ ሰየመው ኤንግልባርት ራሱ እንደማያስታውስ ተናግሯል፤ ሆኖም ከሣጥኑ የሚወጣው ገመድ የአይጥ ጅራት መምሰሉ ለስሙ ምክንያት እንደ ሆነ በሰፊው ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1967 ተጠይቆ በ1970 በተሰጠው የፈጠራ መብት ላይ የተጻፈው ስም ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ለማሳያ ሥርዐት የሚሆን የኤክስና የዋይ ቦታ አመልካች» የሚል ይሆናል። ሕጋዊው ስም ከመዝገብ አልወጣም፤ የላቦራቶሪው የጨዋታ ስም ግን ዓለምን ዞረ። የስያሜ ኮሚቴ አባላት ይህን ምሳሌ አልፎ አልፎ ማስታወሳቸው አይከፋም።

በዚያው ዘመን በጀርመን አገር ቴሌፉንከን የተባለው ኩባንያ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ በጥቅምት 1968 እ.ኤ.አ. አስተዋውቋል። የርሱ ስም «ሮልኩግል»፣ ማለት «ተንከባላይ ኳስ» ነበር፤ ሥራውን በትክክል የሚገልጽ ስም ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ጀርመኖች ራሳቸው «ማውስ» ይላሉ፤ በቋንቋቸው የእንስሳይቱ ስም ነውና አልከበዳቸውም። ፈረንሳዮች «ሱሪ» ብለው ተረጐሙት፤ ጣልያኖች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያለውን «ቶፖ» ትተው እንግሊዝኛውን እንዳለ ወሰዱ፤ ፖርቱጋሎች «ራቱ» ሲሉ፣ ያንኑ ቋንቋ የሚናገሩት ብራዚሎች «ማውስ»ን መረጡ። ዐረብኛና ዕብራይስጥም የአይጥን ስም ለመሣሪያው ሰጥተዋል። ወደ እኛ ስንመጣ «አይጥ» የሚለው በአንዳንድ ትርጉሞች ቢታይም ሕዝቡ «ማውስ» ማለትን መርጧል። ሰዋስዋዊ ጾታውንም ሳይቀር ለይቶታል፤ «አይጧ ጤፉን ፈጀችው» የሚል ሰው ስለ መሣሪያው ሲናገር «ማውሱ አልሠራ አለ» ይላል። በበኩላችን ይህን ምርጫ የምንቃወምበት ምክንያት አይታየንም። በጐተራ የምትጠላ እንስሳ ስም ሙሉ ቀን በመዳፍ ለሚያዝ ዕቃ መስጠት ለጆሮ አይጥምም።

ስለ ብልሽቱ ስንናገር ልናስተውለው የሚገባ አንድ ቀን አለ። ኤንግልባርት መሣሪያውን ለሕዝብ ያሳየው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 9 ቀን 1968 ነበር። እርሱ በመድረኩ ላይ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ፣ ኮምፒውተሩ ግን 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመንሎ ፓርክ ተቀምጧል። እንግዲህ በእጅና በጠቋሚ መካከል ርቀት ያለ መሆኑ ገመድ አልባው ማውስ ያመጣው ነገር አይደለም፤ ለሕዝብ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አብሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው በዚያ ርቀት መካከል የሚገባው ነገር ዐይነት ነው፤ መሣሪያው በተሻሻለ ቍጥርም የቀድሞው ብልሽት እየጠፋ በቦታው ሌላ ተተክቷል።

በ1970ዎቹ በሴሮክስ ላቦራቶሪ መንኰራኵሮቹ በኳስ ሲተኩ የብልሽቱ ምንጭ ቈሻሻ ሆነ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ኳሱን አውጥቶ በውስጥ የተጠቀለለውን አቧራ በጥፍሩ መፋቁን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተስፋፋው የብርሃን ማውስ ይህን አስቀረ፤ በሆዱ ያለችው ትንሽ ካሜራ የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እያነሣች፣ አንዱን ሥዕል ከቀደመው ጋር እያስተያየች እንቅስቃሴውን ታሰላለች። መስተዋት ላይ ወይም በጣም በሚያንጸባርቅ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ግን የሚለይ ምልክት ስለሚያጣ፣ እጅ ሳይነቃነቅ ጠቋሚው ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ከሥሩ አንድ ወረቀት ማንጠፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ጅራቱ ሲቈረጥ የመጣው ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሎጂቴክ ለአንድ ኮምፒውተር የሠራው ገመድ አልባ ማውስ በታሕተ ቀይ ብርሃን የሚሠራ ስለ ነበር፣ በመሣሪያውና በመቀበያው መካከል አንድ መጽሐፍ ቢቆም ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. በራዲዮ ሞገድ የሚሠራውን አወጣ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ወደ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ተሸጋገሩ። ይህ ክልል ያለ ልዩ ፈቃድ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ እንደ ገበያ ቀን መንገድ የተጨናነቀ ነው፤ ዋይፋይ በዚያ ያልፋል፣ የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ በዚያ ይሠራል፣ በዐሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል የተሰየመው ብሉቱዝም በዚያው ይመላለሳል። (ይህን ስም «ሰማያዊ ጥርስ» ብሎ የተረጐመልን ሰው እስካሁን አለማጋጠሙ የሚያስመሰግን ነው።)

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የዩኤስቢ ደረጃ ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቴክኒክ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በዚህ ደረጃ የሚሠራ ማስገቢያ፣ ገመድ ወይም ዲስክ መረጃ ሲያስተላልፍ ከ2.4 እስከ 2.5 ጊጋ ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ የራዲዮ ሁካታ ይረጫል። የማውሱ መቀበያ ከአጠገቡ ከተሰካ በዚያ ሁካታ ውስጥ የማውሱን ደካማ ድምፅ አይሰማም፤ ጠቋሚው ይቆማል፣ ከዚያም በመካከል የጠፋውን መንገድ ዘልሎ ሌላ ቦታ ይታያል። ተጠቃሚው የሚያየው ማውሱን ብቻ ስለ ሆነ ማውሱን ይወነጅላል። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይሉ ነበር፤ እዚህ ላይ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ዳዋው በበላ አይጧ ትመታለች። መድኀኒቱም ከላይ የተጠቀሰው ቴክኒሻን እንዳደረገው መቀበያውን በአጭር ማራዘሚያ ማራቅ ነው። ገመድ አልባውን ዕቃ ለማዳን ገመድ መጨመር የግድ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ዘገየ» የጊዜ ግሥ ነው። ከተቀጠረለት ሰዓት በኋላ የደረሰ እንግዳ ዘገየ ይባላል፤ ነገር ግን ሙሉ ሆኖ፣ ምንም ሳይጐድለው ደርሷል። ስለዚህ ይህ ቃል በትክክል የሚገባው ጠቋሚው የእጅን መንገድ አንድም ሳይዘል፣ ነገር ግን ዘወትር በእኩል ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ ለሚከተልበት ሁኔታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መዘግየት ከብዙ ቦታ ይመጣል። ተራ የዩኤስቢ ማውስ በሴኮንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊሴኮንዱ ይጠየቃል፤ ለጨዋታ የሚሠሩት 1000 ጊዜ ይጠየቃሉ። ይህ ግን ከሞላ ጐደል ለዐይን አይታወቅም። በግልጽ የሚታወቅ መዘግየት ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሥዕሉን አሳምሮ ለማውጣት ጊዜ በሚወስድ ማሳያ፣ በተለይም እንደ ኮምፒውተር ማሳያ በሚያገለግል ቴሌቪዥን ላይ ነው። ባትሪ መለወጥ ለዚህ አይጠቅምም።

ለሌሎቹ ግን ቋንቋችን ከጥንት ያዘጋጀው የግሥ ክፍል አለ። በ«ተን-» እና በ«አን-» የሚነሡት ግሦች፦ ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንከባለለ፣ ተንገዳገደ፣ ተንቀራፈፈ፣ ተንጠባጠበ፣ አንቀላፋ፦ በአመዛኙ የእንቅስቃሴን መኖር ብቻ ሳይሆን ዐይነቱንና ጠባዩን የሚናገሩ ናቸው። እንግሊዝኛ በስም የሚለየውን አማርኛ በዚህ የግሥ ቤት ይለያል። «ጂተር» ሌላ አቻ ሳያስፈልገው «መንቀጥቀጥ» ነው፤ ሰሚው ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ገጽ ይመለከታል። ጠቋሚው ሳይዘልና ሳይቆም በዝግታ ብቻ የሚሄድ ከሆነ «ይንቀራፈፋል» ይባል፤ የፍጥነት ልኩን ከፍ ማድረግ መድኀኒት የሚሆነው ለዚህ ብቻ ነው። ባትሪ ለመቈጠብ ያረፈው ማውስ በመጀመሪያው ንክኪ ቶሎ አለመነሣቱም «አንቀላፍቷል» ከመባል የተሻለ ስም አይገኝለትም።

«ስተተር»ን በተመለከተ ግን ከዚህ ክፍል ውጭ መሄድ አለብን። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» የማይል የስልክ ተጠቃሚ የለም። «ተቆራረጠ» ከ«ቈረጠ» በመደጋገም የተገኘ ሲሆን፣ የድርጊቱን ተደጋጋሚነትና የነገሩን መጕደል በአንድነት ይይዛል። በማውሱ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ መልእክቱ በመንገድ እየተቈረጠ ይጐድላል። ከዚህም በላይ ቃሉ ምርመራውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራል። «ማውሱ ዘገየ» የተባለ ሰው ማውሱን ይፈትሻል፤ «ማውሱ ይቆራረጣል» የተባለ ግን ስለ ሞገድ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ባትሪ ድካም፣ በመካከል ስላለው ነገር ያስባል። ይህን ትምህርት ማንም አልሰጠውም፤ ከስልኩ ያገኘው ነው።

ከባልደረቦቻችን አንዱ «ለአንድ ትንሽ ዕቃ አራት ቃል ምን ያደርጋል? ‹ላግ›ን ተውሰን እንገላገል» ብለው ተከራክረውናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ወጣቶች «ላግ ያደርጋል»፣ «ስታክ አደረገ» ሲሉ እንሰማለንና። ሆኖም «ላግ» በእንግሊዝኛው የዕለት ተዕለት ንግግር ራሱ አራቱንም የሚያዳብል ጅምላ ቃል ነው። ተጠቃሚው አቤቱታውን ሲያሰማ በጅምላ ቢናገር አያስነውረውም፤ የብልሽት መመሪያ ግን ጅምላውን መዘርዘር ሥራው ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «ላግ» የሚል ሲያጋጥመው ቃሉን ከመመለሱ በፊት የተሰጠውን መፍትሔ አንብቦ፣ ከመፍትሔው ወደ ስሙ እንዲመለስ እንመክራለን። መፍትሔው መቀበያን ማራቅ ከሆነ «መቆራረጥ»፣ ወረቀት ማንጠፍ ከሆነ «መንቀጥቀጥ» ይላል።

በመዝገበ ቃላቱ ካርድ ላይ የነበረውን «ላግ፣ ስተተር፣ ጂተር፦ መዘግየት» የሚል መስመር ሰርዘን በአራት ካርዶች ከፍለነዋል። አምስተኛ ካርድ ባዶውን ተቀምጧል። እርሱም ጠቋሚው ቆይቶ ሲዘል በመካከል ለጠፋው፣ በማሳያው ላይ ላልታየው መንገድ ስም የሚሆን ነው። «ዝላይ» ዘልሎ ያረፈበትን እንጂ ያለፈውን አይናገርም፤ «ክፍተት» ደግሞ ለብዙ ነገር ተይዟል። ገበሬ በእርሻ ላይ ማረሻው ሳይነካው ያለፈውን መሬት የሚጠራበትን ቃል የምታውቁ አንባብያን ብትልኩልን ካርዱን በርሱ እንሞክረዋለን።