ቮይቼኽ፦ የጦረኛ ስም፣ ጦር ያልያዘ ባለቤት

ግብ ጠባቂውን ሽቼንስኒን የማያስታውስ የአርሰናል ደጋፊ አይገኝም። የቤተሰብ ስሙ ምላስ ስለሚያስር ግን የመጀመሪያውን ልብ ያለው ጥቂት ነው፤ ቮይቼኽ ይባላል። ሁለት ጥንታዊ የስላቭ ቃላት የተጋጠሙበት ስም ነው፦ «ቮይ» ጦረኛ፣ «ቼኽ» ደስታ። «ጦርነት ደስ የሚለው» እንደ ማለት።

ፖላንድ በ966 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ክርስትናን ስትቀበል የቅዱሳን ስሞች ቀስ በቀስ እንዲህ ያሉትን የጥንት ስሞች ገፏቸው። ቮይቼኽ ግን ራሱ የቅዱስ ስም ሆነና ተረፈ።

ቅዱሱ ፖላንዳዊ አልነበረም። በ956 ገደማ በቦሄሚያ ከባላባት ቤት ተወለደ። ማግደቡርግ ሲማር ሊቀ ጳጳሱ አዳልበርት የራሱን ስም አወጣለት። የፕራግ ጳጳስ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር አልስማማ ቢል መንበሩን ትቶ ገዳም ገባ። በመጨረሻም አረማውያኑን ፕሩሳውያን ሊያስተምር ወረደ፤ አጃቢ ወታደሮቹን አሰናብቶ ባዶ እጁን ሄደና ኤፕሪል 23 ቀን 997 ተገደለ። የፖላንዱ ገዥ ቦሌስዋቭ አስከሬኑን በክብደቱ ልክ ወርቅ መዝኖ ገዛው ይላል ትውፊቱ። በግኒየዝኖ ካቴድራል የ12ኛው ክፍለ ዘመን የነሐስ በር ላይ ከተቀረጹት 18 ትዕይንቶች አንዱ ይኸው ሽያጭ ነው። ወርቁ አልባከነም፦ በ1000 ንጉሠ ነገሥት ኦቶ ሣልሳዊ መቃብሩን ሊሳለም መጣ፣ ፖላንድም የራሷን ሊቀ ጵጵስና አገኘች።

ሊቀ ጳጳሱ የሰጠው ስም ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላም ጣጣ አላጣም። ቮይቼኽና አዳልበርት በትርጉም አይገናኙም፤ ያገናኛቸው ቅዱሱ ብቻ ነው። በጀርመን አገዛዝ ሥር ግን ቮይቼኽ የተባለ ልጅ መዝገብ ላይ «አዳልበርት» ተብሎ ይሰፍር ነበር። በ1921 የሲሌዥያን አመፅ የመራው ኮርፋንቲ እንኳ የተመዘገበው እንዲሁ ነበር።

በ1794 በራትስዋቪትሴ ጦርነት ቮይቼኽ ባርቶስ የሚባል ገባር የሩስያን መድፍ ክር በቆቡ አፍኖ አጠፋ። ጀግና ሲባል ስሙን ለወጡትና ታሪክ ባርቶሽ ግዎቫትስኪ ብሎ አስቀረው፤ ስሙ የተስማማው ሰው ስሙን ተቀማ ማለት ነው። በዲሴምበር 1981 በገዛ አገሩ ላይ ወታደራዊ አገዛዝ ያወጀው ጄኔራል ያሩዜልስኪ ግን ቮይቼኽነቱን እንደያዘ ሞተ።

ከሁሉም የሚወደደው ቮይቼኽ ሰው አይደለም። በ1942 የፖላንድ ወታደሮች ኢራን ውስጥ የገዙት የድብ ግልገል በቁልምጫ ቮይቴክ ተባለ። ወደ ጣሊያን የሚሄደው መርከብ እንስሳ አልጭንም ስላለ ተራ ወታደር ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1944 ሞንቴ ካሲኖ ላይ የመድፍ ጥይት ሳጥን ተሸከመ። ኋላ ኤዲንብራ የእንስሳት ማቆያ ገብቶ በ1963 ሞተ። እዚያም የድሮ ጓዶቹ ከአጥሩ ማዶ በፖላንድኛ ሲጠሩት ቀና ይል ነበር ይባላል።