የተጣበቀ ካሚቻ አወጣጥ (ፈርጉሰን ቲኢ20)

ካሚቻ ፒስተን የሚመላለስበት፣ ሲበላ የሚለወጥ የብረት ቱቦ ነው። ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ይመረት በነበረው ፈርጉሰን ቲኢ20 ትራክተር ላይ በብዛት የተገጠመው የስታንዳርድ ሞተር ካሚቻ «እርጥብ» ከሚባለው ዓይነት ነው፤ ውጪውን የማቀዝቀዣ ውሃ ያገኘዋል። የሚጣበቀውም ከታች፣ ሞኖብሎኩ ላይ በሚያርፍበት ጠባብ እርከን ነው። ዝገትና ዝቃጭ እዚያ ይጋገራል።

ቴስታታው፣ የዘይት ገንዳው፣ ፒስተኖቹና ክራንክሻፍቱ ከወጡ በኋላ የውሃው ክፍል ተፍቆ ዝገት አላቃቂ ዘይት ይፈስበታል፤ ቢያድር ይመረጣል። መንቀያው ከካሚቻው ሥር የሚገባ ወፍራም ሳህን፣ ረጅም ቡሎንና ከላይ የሚጋደም ድልድይ አለው። ሳህኑ የካሚቻውን ጠርዝ ብቻ ይያዝ፤ ሞኖብሎኩን ከነካ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር የሚሰነጠቀው እሱ ነው። መዶሻ የሚያስቀድሙ መካኒኮች ጥቂት አይደሉም፤ ካሚቻ ግን ከሞኖብሎክ ስለሚረክስ፣ መጎዳት ካለበት ካሚቻው ይጎዳ። እምቢ ያለው ካሚቻ ውስጡን ከላይ እስከ ታች በብየዳ ይሰመርበታል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ካሚቻውም ጠብቦ ይላቀቃል።

እርከኑ ብረቱ እስኪታይ ይጸዳል። አዲሶቹ ካሚቻዎች ሁለት ሁለቱን በሚያያይዝ የ8 ቅርጽ ጓርኒሲዮን ላይ ይቀመጣሉ። አናታቸው ከሞኖብሎኩ ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ካልበለጠ ቴስታታው አይጫናቸውም፤ ውሃም ወደ ዘይቱ ይወርዳል።