የእጅ ጥበብ ዐውደ ርእይና የቤተሰብ የባህል ጉብኝት በማሻ፤ ታሪካዊ ዳሰሳ

ዐውደ ርእይ የሚለው ቃል ከግእዝ የተገኘ ሲሆን፣ ፍቺውም የማያ ስፍራ ማለት ነው። በዘመናችን ግን ቃሉ በአብዛኛው አዳራሽን፣ ጠረጴዛንና ከዕቃው ሥር የተለጠፈ ጽሑፍን ያሳስባል። የጥበብ ሥራ እንዲታይ አዳራሽ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ታሪክ ያስረዳል። በሸካ ዞን ዋና ከተማ በማሻና በአካባቢዋ ሕፃናት የወገናቸውን የእጅ ሥራ የሚያዩት በቤት፣ በገበያና በደን ውስጥ ነበር። የሚያሳዩአቸውም ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው ነበሩ። ይህ የቤተሰብ ትምህርት ወደ አደባባይ ዐውደ ርእይ የተሸጋገረበትን መንገድ መመርመር፣ በሽግግሩ ምን እንደተገኘና ምን እንደጎደለ ለማመዛዘን ይረዳል።

ሸካ ከከፋ ጋር በቋንቋም ሆነ በባህል የተቀራረበ ጥንታዊ መንግሥት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከማዕከላዊው አስተዳደር ጋር ተጠቃለለ። ከዚያ በኋላ አካባቢው ለረጅም ጊዜ ሞቻ አውራጃ እየተባለ በኢሉባቦር ሥር ሲተዳደር፣ ማሻ የአውራጃው መቀመጫ ነበረች። በ1993 ዓ.ም. የሸካ ዞን ራሱን ችሎ ሲቋቋም ማሻ የዞኑ ዋና ከተማ ሆነች። ከ1914 ሳይሆን ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህም ዞኑ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። አስተዳደሩ በተለዋወጠ ቁጥር የአካባቢው ባህል የሚታይበት መድረክም አብሮ መለዋወጡን ከታች የሚቀርበው ሐተታ ያሳያል።

የአካባቢው ቅርስ ተሰብስቦ እንዲታይ የተደረገው በመጀመሪያ ለራሱ ለሕዝቡ አልነበረም። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ከፋ ተጉዞ የሰበሰባቸው ዕቃዎች በቪየና ሙዚየም ተቀመጡ። ስለ ከፋ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ታተመ። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው የሞቻን ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ አሳተመ። ሁለቱም ሥራዎች ለጥናት ታላቅ ዋጋ ያላቸው ናቸው። ሆኖም የቀፎው፣ የእንስራውና የቅርጫቱ ስም በባሕር ማዶ ሲታተም፣ በማሻ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ተማሪ ይህንኑ ስም በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አያገኘውም ነበር።

የሀገሪቱ ሕግም ለዚህ ዓይነቱ ቅርስ በቂ ስፍራ አልሰጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርስ ብሎ የተረጎመው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ይህ ድንጋጌ ለአክሱም ሐውልትና ለላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተስማሚ ነው። ዝናብ በሚበዛበት የሸካ ደን ግን ከቀርከሃ፣ ከእንጨትና ከእንሰት ቃጫ የሚሠራ ዕቃ መቶ ዓመት ሊቆይ አይችልም። ቤቱ ይበሰብሳል፤ አጥሩ ይታደሳል፤ ቀፎው ከዛፉ ላይ ይወድቃል። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ዕቃው ሳይሆን የአሠራሩ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በዕቃ ዕድሜ የሚለካ ሕግ በሸካ ቅርስ የለም ወደሚል ድምዳሜ ማድረሱ አይቀርም።

ዕውቀቱ የሚተላለፈው ቤተሰብ አብሮ ሲወጣና ሲሠራ ነበር። ለዚህ የማር ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በኮቦ ሥርዓት መሠረት በደን ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት የተወሰነ ባለቤት ያለውና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ገተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ ንቦች ነጭ ማር ይሠራሉ። ማሩን ለመቁረጥ አባቱን ተከትሎ ደን የገባ ልጅ የቀፎውን አሠራር ብቻ አይማርም፤ የዛፎችን ስም፣ የአበባቸውን ወራትና የጎሣውን ወሰን ጭምር ይማራል። ቀርከሃም እንዲሁ ነው። የማሻ ደጋ በቀርከሃ ደኑ የታወቀ ሲሆን፣ የትኛው ለግንባታ፣ የትኛው ለስፌት እንደሚሆን መለየት ከደኑ ውስጥ እንጂ ከአዳራሽ አይገኝም።

ነገር ግን ያለፈውን ሁሉ ማወደስ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች በጋብቻም ሆነ በማዕድ የሚገለሉ ነበሩ። በከፋና በሸካ የማንጆ ማኅበረሰብ የደረሰበት መገለልም ለዚህ ማስረጃ ነው። እንስራው በየቤቱ የክብር ቦታ ሲሰጠው የሠራችው ሴት ግን ከደጃፍ አታልፍም ነበር። በመሆኑም የእጅ ጥበብ ትርኢት ታሪክ ሲጻፍ ዕቃው ምን ያህል ተደነቀ ከማለት አልፎ ሠሪው ምን ያህል ተከበረ የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ይሆናል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ መሬት ለሚያርስ ሁሉ የመጠቀም መብት በመሰጠቱ የተገለሉ ወገኖችም ቢያንስ በሕግ ፊት እኩል ሆኑ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተከታታይ ዙሮች በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከፋ-ሞቻ አንዱ ነበር። በዚህም የአካባቢው ቋንቋ የመማሪያ ቋንቋ ለመሆን በቃ። በዚያው ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ዘፈንና ጭፈራ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት ወጥተው ወደ መድረክ ሲቀርቡ፣ ቤተሰብ የሌላውን ጎሣ ጨዋታ ለማየት የሚሰበሰብበት አጋጣሚ ሰፋ። ይሁንና የመድረኩ መልእክት ይወሰን የነበረው ከላይ ስለ ነበር፣ ግጥሙ ለፖለቲካው ቅስቀሳ መገዛቱ አልቀረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአካባቢው ቋንቋ በላቲን ፊደል መጻፍና በትምህርት ቤት መሰጠት ጀመረ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በየዓመቱ ኅዳር 29 መከበሩ፣ የየአካባቢው አልባሳት፣ ምግብና የእጅ ሥራ በዐውደ ርእይ እንዲቀርብ ሰፊ በር ከፈተ። የሸካ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል የሆነው ማሽቃሮም በመስከረም ወር በማሻ በአደባባይ ሲከበር ልጆች፣ ወላጆችና አረጋውያን በአንድነት ይወጣሉ። የቀድሞው ተማሪ በመጽሐፉ ያላገኘውን የዕቃ ስም የዛሬው ልጅ በአደባባይ ያነበዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ጉድለቱ ግን፣ እንዲህ ባለው የአንድ ቀን ትርኢት ዕቃው ሲታይ አሠራሩ አለመታየቱ ነው። ቅርጫቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቀርከሃው ሲሰነጠቅ ግን የሚያይ ልጅ የለም።

ሕጉም ቀስ በቀስ ተሻሽሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጅ ከሚዳሰሰው ቅርስ ጋር የማይዳሰሰውንም አካቷል። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስን ለመጠበቅ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። እ.ኤ.አ. በ2012 የሸካ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ሰፈረ። ስፋቱ 238,750 ሄክታር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 55,255 ሄክታሩ ማዕከላዊው ክፍል ነው። ለዚህ የደከመው መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ወጣቶች ከአረጋውያን ጋር በደን ውስጥ ቀናት እያሳለፉ የሚማሩበትን ልማድ በአካባቢው አስፋፍቷል። አዲስ ይምሰል እንጂ፣ ይህ ማር ለመቁረጥ አባቱን ተከትሎ ይሄድ የነበረውን ልጅ ትምህርት በሌላ መልክ የቀጠለ ነው። ለሻይና ለቡና ተክል ሲባል ደን በተመነጠረበት ስፍራ ግን ልጁን ይዘውት የሚሄዱበት ቦታ አይኖርም።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ በትምህርት ቤት የሚዘጋጅ ዐውደ ርእይ ከዕቃው ስም ጋር የሠሪውን ስም ቢጽፍ፣ ሸክላ ሠሪዋም በእንግድነት ተጋብዛ በተማሪዎች ፊት ብትሠራ፣ የቆየው ንቀት በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር ይሻራል። ሁለተኛ፣ የዕቃው ጽሑፍ የተሠራበትን ተክልና የሚቆረጥበትን ወር ቢገልጽ የሳይንስና የባህል ትምህርት ይገናኛሉ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከአረጋውያን ጋር በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ደን ቢወጡ በአዳራሽ ያዩትን ከምንጩ ያገኙታል።

የቀርከሃ ዕቃ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ሠሪው ከተከበረ፣ ደኑ ከቆመና ልጁ ካየ ግን በምትኩ ሌላ ይሠራል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል፣ በዐውደ ርእይ የሚታየው ቅርጫት የመጨረሻው ይሆናል።