በሥዕል ያልታየችው ወረኢሉ

በአዲስ አበባ ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም፣ የሥዕል ማሳያዎቹን ሳይቸኩል ለሚጎበኝ ሰው አንድ ቀን አይበቃውም። ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፤ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ለጎብኚው በባሕላዊው ሥዕል ዘንድ እየተደጋገመ ከሚገጥመው ርእስ አንዱ ዐድዋ ነው።

የዐድዋ ሥዕል የራሱ ሥርዐት አለው። የወገን ጦር በግራ፣ የጠላት ጦር በቀኝ ይሰለፋል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይወርዳል። ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ጨብጠው ይታያሉ። ኢጣልያኖቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዐይናቸው ብቻ ሲታይ፣ ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ዐይናቸውን ወደ ተመልካቹ ይመልሳሉ። ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የወረደ ነው፤ በዚያ ጻድቁ በሁለት ዐይን፣ ኃጥኡ በአንድ ዐይን ይሣላልና። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉት ሠዓልያን ጦር ሜዳውን እንደ አንድ የተአምር ገጽ አድርገው አዩት። የውጭ አገር ሰዎች ሥዕሉን እየገዙ መውሰድ ሲጀምሩ ደግሞ ድርድሩ ይበልጥ ጸና።

የሥዕሉ ጉድለትም ከዚሁ ይመነጫል። የሚያሳየው አንዲቱን ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን ነው። ድሉ ግን የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። ምኒልክ በመስከረም 1888 የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ተሰብስቦ እንዲጠብቃቸው ያዘዙት በወረኢሉ ነበር። ወረኢሉ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በወሎ ያቋቋሟት የጦር ሠፈር ናት፤ ከሸዋ ወደ ሰሜን ለሚዘምት ጦር አመቺ መናኸሪያ ነበረች።

ያ ጦር ደመወዝተኛ አልነበረም። ዘማቹ ቆሎውንና በሶውን፣ ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ፣ አጋሰሱን ጭኖ ይመጣል፤ ሚስት፣ ገረድ፣ ስንቅ ተሸካሚ ልጅ ይከተሉታል። ስንቁ ባለቀበት ደግሞ ሸክሙ የሚወድቀው በባላገሩ ላይ ነው። ያ ባላገር ከብቱን በበሽታ ከጨረሰውና ክፉ ቀን ከተባለው ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ረሀብ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። በሬው ያለቀበት ገበሬ ለአንድ አገር ዘመቻ ጎተራውን መክፈቱ ከፈረሰኛው ግልቢያ ያነሰ ጀግንነት አይደለም። ነገር ግን ለሥዕል አይመችም፤ ወፍጮ ላይ ያጎነበሰች ሴት እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዐይን አትስብም። በአንዳንዱ ሥዕል ውኃ የምታቀብል ሴት በጠርዝ ትታይ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ስፍራ አታገኝም።

የወሎን ሴት ወደ ሸራው መካከል ያመጣት ሌላ ትውልድ ነው። በወልድያ ተወልዶ፣ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤትና በሌኒንግራድ ተምሮ፣ በኋላም በዚያው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ሠዓሊ ታደሰ መስፍን፣ ገበያ የቆሙ ሴቶችን እንደ ቤት ምሰሶ አቁሞ ሥሏቸዋል። ሥዕሎቹ ስለ ዐድዋ አይናገሩም፤ ስለ ወረኢሉም አይናገሩም። ሆኖም በፊታቸው ጥቂት ምርት ዘርግተው ቀጥ ብለው የቆሙት እነዚያ ሴቶች ስንቅ ከየት እንደሚመጣ ያሳያሉ። የ1888ን ጥቅምት ለመሣል የሚነሣ የወሎ ወጣት ሠዓሊ ፈረሱንና ጎራዴውን ከጥንቶቹ ይወስዳል፤ ጎተራዋን የከፈተችውን ሴት ግን ከታደሰ ሸራ መጀመር ይችላል።