ማን ማንን ይጠብቅ? ከካርድ እስከ ሊኑክስ የወረፋ ታሪክ

ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈ ሁሉ ተራ አስከባሪን ያውቃል። ኮምፒውተርም የራሱ ተራ አስከባሪ አለው። ታሪኩን ስናየው ከማሽኑ ይልቅ አንድ የቆየ ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል፦ የማን ጊዜ ነው ውድ?

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሰዓት አስመዝግቦ፣ የተበሱ ካርዶቹን ተሸክሞ ወደ ማሽኑ ክፍል ይገባ ነበር። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪዘጋጅ ያ እጅግ ውድ ማሽን ሥራ ፈትቶ ይቆማል። በ1956 የጄኔራል ሞተርስና የኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ባለሙያዎች ለአይቢኤም 704 መላ አበጁለት። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚጠራ ፕሮግራም ሠሩ። ብዙዎች የመጀመሪያው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ይህንኑ ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራው ተራ ማስከበር ነበር።

ማሽኑ ሥራ መፍታቱን ተወ፤ መጠበቁ ግን ወደ ሰው ዞረ። ባለሙያው ካርዱን ለኦፕሬተር አስረክቦ ይሄዳል፤ ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ይቀበላል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከሳተ ቀኑ ከንቱ ቀረ፤ እንደገና ወረፋ ነው።

ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1961 በኤምአይቲ ሌላ መንገድ አሳዩ። ሲቲኤስኤስ በተባለው ሥርዓት ብዙ ሰዎች አንዱን ማሽን በየተርሚናላቸው ሆነው ይጋሩታል፤ መልሱንም እዚያው እንደተቀመጡ ያገኛሉ። በ1969 በቤል ላብስ የተጀመረው ዩኒክስ፣ በ1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ይፋ ያደረገው ሊኑክስም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

ታዲያ ወረፋ ቀረ? አልቀረም። ጌታው ተቀየረ እንጂ። ዛሬ ሰው ማታ ትእዛዞቹን በሊኑክስ ላይ ደርድሮ ይተኛል፤ ማሽኑ አንድ በአንድ ሲሠራ ያድራል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በቶፕ 500 ዝርዝር ያሉት የዓለም ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ እዚያም ሥራ ተራውን ጠብቆ ይገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከተራው በላይ ያለው ነገር ነው። በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ትእዛዞችን የምናያይዝባቸው ሁለት ምልክቶች ነበሩት፤ በሊኑክስ ዛሬም እንጠቀምባቸዋለን። አንዱ ; ነው፤ የፊተኛው ተሳካም ከሸፈም ቀጣዩን ያስኬዳል። ሌላው && ነው፤ የፊተኛው ካልተሳካ ቀጣዩን አያስነካም።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል? «ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳ፤ ከዚያ ዋናዎቹን አጥፋ» ብላችሁ ተኛችሁ እንበል። ሌሊት ዲስኩ ሞላ፤ ቅጂው ከሸፈ። && ካስገባችሁ ጠዋት ሰነዶቹን በቦታቸው ታገኛላችሁ። ; ከሆነ ግን ማሽኑ ያለ አንዳች ጥያቄ ዋናዎቹን ያጠፋል። ጠዋት ቅጂውም የለም፤ ዋናውም የለም። ተራው ግን በሥርዓት ተከብሯል!

የ1956ቱ ባለሙያ ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ ተጨነቀ፤ የዛሬው ደግሞ ራሱ እንዳይጠብቅ ይጨነቃል። ሁለቱም ተገቢ ነው። ግን «ቀጥል» ማለትን ብቻ የሚያውቅ ተራ አስከባሪ አይበቃም፤ «የፊተኛው በደህና አለፈ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ማሽኑ ይህን እንዲጠይቅ የምናዝዘው እኛው ነን። ዛሬ ማታ ሥራ ደርድራችሁ ከመተኛታችሁ በፊት በመካከል ያስገባችሁትን ምልክት አንዴ ተመልከቱት።